የእንቁላል ካርቶን

የእንቁላል ካርቶን ነው፣ ሠላሳ ጎድጓዳ ያለው፤
ከባለሱቁ ደጅ ለምኜ ባዶውን ያመጣሁት ነው።
ሃያ ሦስቱ ሞልቷል፤ ሰባቱ ይቀራል።
ደሞዝ የገባ ለት አንድ ይጨመራል፤
የቤት ኪራይ ያደገ ለት ጎድጓዳው ባዶውን ያድራል።

ሥራዬ መቁጠር ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ ከካባው በር ላይ፣
በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ፣ ግማሽ አቧራ፣ ግማሽ ፀሐይ።
ሲኖትራክ ሲወጣ አንድ መስመር አሰምራለሁ፣
አምስተኛው ሲመጣ አራቱን በአግድም እሰርዛለሁ፣
ማታ የቢያጆውን ድምር ለአለቃ አስረክባለሁ።
ምን ጫነ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ድንጋይ ነው፣ ያው ድንጋይ፤
በኩብ ይለካል እንጂ ማን ፊቱን ሊያይ?

መጀመሪያ የጠራኝ ደቻሳ ነው፦ "ና እስኪ ጸሐፊው፣ ይኸን እይልኝ።"
ጥቁሩን ድንጋይ በመሮ ከፍሎ አሳየኝ፤
ሆዱ ውስጥ ነጭ መርፌ፣ ከጸጉር የቀጠነ፣
ሺህ ጊዜ ሺህ ሆኖ እርስ በርሱ የተሸመነ።
ዘመን ሙሉ ጨለማ፤ ገና አሁን ነጋለት።
ስሙን ኋላ ከአንድ ተማሪ ሰማሁት፦ ዚዮላይት።
ሃያ ብሎ ጀምሮ በአሥራ አምስት ብር ተስማማን።
"ለጠጠር ገንዘብ!" ብሎ ሳቀ። "እግዜር ይማርህ፣ ወንድማችን።"

ባልጩቱ በነጻ ነው፣ ከሰበታ መንገድ ዳር፤
ጣቴን ሸርክቶ የጠጣው ደም ሳይቆጠር።
ካልሳይቱን በሎሚ አጥቤ ጉድ ሆንኩ፤ ፈላ፣ ፈላና አለቀ፤
ከዚያ ወዲህ ውሃና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ እንደሚበቃ ታወቀ።
ኦፓሉ የእንድሪስ ነው፣ የደላንታው፤ አቃቂ ገበያ፣ ቅዳሜ፣
ዝናብ ድንገት ወርዶ፣ ሸራው አፍስሶ፣ እኔም ከጎኑ ቆሜ።
ኦፓል ውሃ ሲጠጣ ቀለሙ ይሰወራል፣ ደረቅ ሙጫ ይመስላል፤
ሲደርቅ ግን እሳቱ ከሄደበት ይመለሳል።
እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።
"ስድሳ" አለኝ። ሰጠሁ።
ሰኞ፣ መስኮቴ ላይ፣ አረንጓዴው ነቃ፤
ቀዩ እስከ ረቡዕ አንቀላፋ።

ሰኔ ማለቂያ ላይ ደማሚቱ ጮኸ፤ ጭሱ ሲገለጥ፣
ሰው የሚያስተኛ ጉድጓድ፣ ከዳር እስከ ዳር ነጭ፣ የሚያፈጥ።
ደቻሳ መዶሻውን ጣለ። እኔ ዳሴን ጥዬ ሮጥኩ።
"ግማሽ ሰዓት ስጡኝ" ብዬ አለቃ ምንዳዬን ለመንኩ።
ሰዓቱን አየ። "አራት መኪና ቆሟል፤ መፍጫው ባዶውን ይዞራል፤
የነዳጁን አንተ ትከፍላለህ?" ኪሴን ያውቃል።
አርባ ሁለት ብር ነበር ያለኝ፤ ደሞዝ ገና ነው።
አራት መኪና ወጣ። አራት መስመር፤ እጄ ነው ያሰመረው።

ጠጠሩ ኮዬ ሄደ አሉ፣ ለኮንዶሚኒየም ምሰሶ።
ማታ ወደ ቤት ስመለስ እቆማለሁ፣ መዳፌ ሲሚንቶ ዳብሶ፤
የትኛው ይሆን? ዘበኛው ባትሪውን አብርቶ፣
"ምን ጠፍቶህ ነው?" ይለኛል፣ ከጎጆው ወጥቶ።
ምን ልበለው?

ደቻሳ ከምሳ ዕቃው ውስጥ አውራ ጣት የምታህል አወጣልኝ፤
ብር ስቆጥር ተቆጣ፦ "የዚችን አልሸጥልህም" አለኝ።
ሃያ አራተኛዋ እሷ ነች።

የአከራዬ ልጅ ሲፈን ትናንት አምስቱን ለቅልልቦሽ ወሰደች፤
አመሻሽ ላይ መልሳ ሁሉንም በሌላው ቦታ አስተኛች።
ከዳር ባለው ጎድጓዳ ግን፣ እኔ ያላኖርኩት፣
አረንጓዴ የጠርሙስ ስባሪ፣ ጎርፍ ጠርዙን የላሰለት።
አላነሳሁትም። ደብተሬን ገልጬ ጻፍኩት፦
ሃያ አምስት። ከሲፈን።
ዋጋ በሚለው አምድ ላይ ጥቂት ቆየሁና አለፍኩት።