የጎማ ጭቃ

ከኒዝዋ ተነሥቶ ሰላላ እስኪደርስ
አንገቱን አያዞር፣ ዓይኑን አይመልስ፤
የሸማኔ ድር ነው፣ የተወጠረ ክር፣
ጠጠሩን ሰንጥቆ ካድማስ እስካድማስ ሲዘረጋ የሚያድር።
እኔ መሃሉ ነኝ። ሐይማ። ከማደያው ጎን፣
ለሹፌር ሩዝ ስቀቅል፣ ለሹፌር አልጋ ሳነጥፍ፣ ስድስት ዓመት ሊሆን።

መንገድ ዳር ኖሬ ግን መንገዱን አላውቀው፤
በሌሊት ያመጡኝ፣ እንቅልፍ እንደጣለኝ፣ ስነቃ ሐይማ ነው።
የቀረውን ሁሉ በወሬ ሄድኩበት፦
አደም ቴምር አለ፣ ጋባ ሻይ አለበት፣
ቱምሬትን ሲያልፉ ተራራ አለ አሉ፣ ጉም የተኛበት።

ሽማግሌው ሙሰለም፣ ማታ ከደጃፌ ዱካ ስቦ ሲቀመጥ፣
«ያኔ መንገድ የለም» ይለኛል፤ «ሰው ሁሉ የየራሱን አበጀ፣ በጎማው ሲረግጥ።
የቤድፎርድ ዱካ እንደ ወንዝ አፍ ሰፍቶ፣ ዳሩ አይታይም ነበር፤
መኪና የሰበረ በርሜል ተክሎ ያልፋል፣ ለኋለኛው ምስክር።
ቀን ካርቡራተሩን በርጥብ ጨርቅ አልብሰን፣
ሌት የሱሃይልን ኮከብ ከመስተዋቱ መሃል አስረን፣
አምስት ቀን ነበረ፤ አንዳንዴም አሥር ቀን።

ከዚያ ግሬደር መጣ። ቢጫ። ግመሎቹ ሸሹ።
ሬንጁ ሳይደርቅ ልጆች ሊረግጡት ሮጡና ነጠላ ጫማቸውን ትተው ተመለሱ።
ቀጥ ማለቱ ደስ አለን። ለካ ቀጥ ያለ ነገር
እሹሩሩ ያውቃል፤ መሪ የያዘን ሰው ያስተኛል በፍቅር።
የኔም ልጅ...»
          እዚህ ሲደርስ ዝም።
ደቡብን ያያል። ሻዩ ይቀዘቅዛል። እኔም አልጠይቅም።

ሐምሌ ሲገባ ግን፣ ሐይማ ድንጋዩ ሲግል፣
ከሰላላ የሚመጣ ከባድ መኪና ሁሉ ጭቃ ታቅፎ ይውላል፣
ጎማው ሥር የደረቀ፣ ሣር የተለወሰበት።
በማንኪያ ፋቅኩት። «ዕቃሽን ልታጥቢበት?»
ብሎ ሳቀብኝ ኩንሁመድ፣ የማላባሩ ሹፌር።
ውሃ ጠብ ሳደርግበት ሸተተኝ የሐርቡ አፈር፣
ያ ጫማ የሚቀማ፣ ያ ጥቁር፣ ያ ሌባ።
በሰርዲን ቆርቆሮ መስኮቴ ላይ አኖርኩት፣ እንደ አበባ።
በዘጠነኛው ቀን አንድ ሣር በቀለ። አንድ። ስም አወጣሁለት።
ባሥራ አንደኛው ቀን የሙሰለም ግመል አንገቷን አስግጋ ጎረሰች፣ አለቀለት።
ሽማግሌው አፍሮ አንድ ማዳበሪያ ቴምር ይዞ መጣ ለካሳ፤
ከቴምሩም አወጣሁ፣ የሟቹን ሣር ሰደቃ እንዳልረሳ።

ዘንድሮ አዲሱ ተከፈተ። ሰፊ። መሄጃና መምጫው የተፋታ፤
ከኛ ርቆ ያልፋል፣ መብራቱ ነው የሚታየኝ ማታ ማታ።
አሮጌው ደጃችን ቀረ፤ ነጭ መስመሩን አሸዋ ይልሰዋል፤
እመሃሉ ላይ እሄዳለሁ፤ ጥሩምባ የሚነፋብኝ ማን አለ? ድመት እንኳ ይተኛበታል።

አሠሪዬ «ዘጋሁ» አለ፤ መሳቢያውን ከፍቶ ፓስፖርቴን አወጣ፤
«ሙስካት፣ እህቴ ዘንድ፣ ሥራ አለ፤ ትሄጃለሽ ጠዋት አውቶቡሱ ሲመጣ።»
«በደቡቡስ በኩል ስንት ነው?» አልኩት።
«ሰላላ ማን አለሽ?»
          ጭቃ አለኝ ልለው ነበር። ተውኩት።

ሙሰለም ብቻ ነው ያልገረመው። ሻዩን አስቀመጠና፦
«በቀን ሂጂ፣ ሉባባ። በግራ መስኮት። ቂትቢትን ስታልፊ ቀና
ብለሽ እዪ፤ በርሜል አለ፣ ቀይ፣ እኔ የተከልኩት።
ቆሞ ካለ ደውዪልኝ።
ወድቆ ከሆነ፣
እንቅልፍ ጣለኝ በዪ።»