ፈቃድ ተከልክሏል

ሴቱባል ዝናብ ነው፤ ወደቡ ጭር ብሏል፤
ግራጫው ስካነር ጠረጴዛዬን ሞልቶ ተኝቷል።
ከእሁድ ገበያ ነው የገዛሁት፣ በአምስት ዩሮ፤
ሻጩ ምሎልኛል፦ «ይሠራል፣ እንደ ድሮ!»
የትኛው ድሮ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

የእህቴ ልጅ ኦታቪዮ አሮጌ ላፕቶፑን ትቶልኝ ሄዷል፤
«ሊኑክስ ጭኜበታለሁ አክስቴ፣ እንደ በግ ይነዳል።»
በግስ ሲጠሩት ቀና ይላል፤
ይኼ ግን «ስካነሩ የታለ?» ስለው፣ «ምን ስካነር?» ይላል።

ካርዶች አሉኝ፣ በካርቶን፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፤
ሰርዲን ሲያሽጉ የኖሩ ሴቶች ስም፣ ፎቶ፣ የተቀጠሩበት ዕለት፣
በፊርማ ፈንታ የአውራ ጣት አሻራ፣ የማይለቅ የዓሣ ወዝ።
ፋብሪካው ሲፈርስ ከቆሻሻ ያነሣሁት እኔ ነኝ፣
ዴኦሊንዳ፤ ጸሐፊ የነበርኩ፣ የደመወዝ።

«ጥቁሩን መስኮት ክፈቺ» ይለኛል በስልክ፣ «የምልሽን ጻፊ፤
ክፍት ቦታውን ጠብቂ፤ ሰረዟን እንዳትገድፊ።»
ጻፍኩ። ከገመዱ ጫፍ አንድ ነገር እንዳለ አመነ፤
ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ነገረኝ፣ እንደ እስረኛ።

ድራይቨሩን ጫንን። አምፖሉ በራ፤ እልል ልል ስል፣
ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ካለበት ሳይነቀል።
«ሲጠፋ የተማረውን ሁሉ ይረሳል» አለ ኦታቪዮ፤
«በበራ ቁጥር እንደ አዲስ የምታስተምረው አንዲት ፋይል አለች።»
ፋይሏን የሠራት ኩባንያ ረስቷታል፤
ኦታቪዮ ግን፣ ከየት እንደሁ እንጃ፣ ፈልፍሎ ልኳታል።
ያለችበትን በመዝገቡ ጻፍኩ፤ አንዷን ፊደል ትልቅ አድርጌ፣
ትንሽ መሆን ሲገባት። ለሷ ሁለት ሰዓት ሄደ፣
እራቴን ሳልበላ፣ አንገቴን አስግጌ።

ከዚያ ሌላ ጣጣ።
ሩት የሚሉት አለ፤ ስሙ የሴት፣ ጠባዩ የአለቃ፤
በሱ ስም ሳዝዘው ስካነሩ ብድግ አለ፣ ነቃ።
በእኔ ስም ሳዝዘው፦
ፈቃድ ተከልክሏል።

ቃሉን ዐውቀዋለሁ። የእጄ ጽሑፍ ነው።

ጀልባ ሲገባ ሳይረን ይጮኻል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፤
ሴቶቹ ሽርጣቸውን እያሰሩ ይሮጣሉ፣ በዚያ ጨለማ ቁልቁለት።
ዘበኛው የኔን ዝርዝር ይዞ ከበሩ ይቆማል፤
ስሟ ያለ ትገባለች፤ የሌለ ትመለሳለች።
ኤርሜሊንዳ ሁለት ሌሊት ቀረች፣ ልጇ ታሞ፤
«ሰርዣት» አለኝ አለቃው፣ ከወንበሬ ጀርባ ቆሞ።
ሰረዝኩ፤ በቀይ፣ በማስመሪያ፤ መስመሬ አይወላገድም ነበር።
በሦስተኛው ሌሊት መጣች። እጇ ያው እጅ፣ ዓሣውም ያው ዓሣ፣
ቢላዋም አልጠፋ፤
የጎደላት አንድ መስመር ነበር፣
ውጭ ቆማ ነጋ።

«አክስቴ፣ አለሽ?»
«አለሁ።»
«ስካነር የሚባል ቡድን አለ፤ ስምሽን እዚያ ጨምሪ።»
ጨመርኩ።
«አሁን ሞክሪ።»
ተከልክሏል።
«አዎ፣ ረስቼው! መጨመር ብቻ አይበቃም፤ ወጥተሽ ግቢ፤
ሳትወጪ አያውቅሽም።»

እሱ ያለው ከኮምፒውተሩ ነው። እኔ ግን ተነሥቼ ወጣሁ፣
ሰገነቱ ላይ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ ያለ ጃንጥላ።
ፋብሪካው የነበረበት ዛሬ መኪና ማቆሚያ ነው፤
በሩ ብቻ ቀርቷል፤ ማንም አይጠብቀውም፣
ድመት ይገባል፣ ይወጣል።

ተመለስኩ። ስሜንና የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ።
እርር አለ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ፤
ብርሃኑ ከመስታወቱ ሥር ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ አለፈ፣
ከፀጉሯ ወደ ዓይኗ፣ ከዓይኗ ወደ አሻራዋ፤
ቀዩ መስመር ላይ ሲደርስ አልቆመም፣ አልዘለለም።

«መስመሩን በአንድ ጠቅታ አጠፋልሻለሁ» አለ ኦታቪዮ።
«ተወው» አልኩት፤ «እኔ ነኝ ያሰመርኩት።»
«የፋይሉ ስም?» ሲለኝ ኮምፒውተሩ፣
ኤርሜሊንዳ ብዬ ጻፍኩ፣ በትልቅ ፊደል።

ሦስት መቶ አሥራ አንድ ይቀራል።