ከመደበኛው በላይ

ትናንት ከዜናው በኋላ፣ ሬዲዮው እንደ ሰው ስሎ፣
የሦስት ወር ሰማይ ነገረን፣ በሦስት መስመር ጠቅልሎ፦
«ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ በምዕራቡ ጠረፍ ሁሉ፣
ዝናቡ ከመደበኛው፣ ሳይበልጥ አይቀርም» አሉ።

ጎረቤቴ ሀልቫር ሳቀ፣ መረቡን እየጠገነ፤
«ይኼ ደሞ ትንቢት ሆነ?
ዓሣ ይዋኛል ብሎ ማወጅ፣ ደመወዝ ያስበላ ጀመር?»
ነገሩን የጨረሰ ያህል፣ በጥርሱ በጠሳት ክር።

እኔ ግን አልሳቅሁም።
አንዲት ቃል እንደ ዓሣ አጥንት፣ ከጉሮሮዬ ቆመች፤
«መደበኛ» ያሏት ነገር፣ የማን ልጅ ናት? ከየት መጣች?

ለማያውቅ ልንገር፦
ከቤቴ ጀርባ፣ ከጀልባው ማደሪያ ራቅ ብሎ፣
አንድ ቆርቆሮ ባልዲ አለ፣ ከእንጨት ምሰሶ ተሰቅሎ፤
የሰማይን ጠብታ ሁሉ፣ ሌሊቱን ሲያጠራቅም ያድራል፤
ጧት ሁለት ሰዓት ላይ እጄ፣ በብርጭቆ ይሰፍራል።
ሠላሳ መፀው እንዲህ ሆነ፤ የአይሊቭን ካፖርት ለብሼ፣
እርሳስ ከጆሮዬ ሰክቼ፣ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፤
ካፊያውን፣ ዶፉን፣ ወጨፎውን።
(በክሌፕቪካ ጃንጥላ የሚይዝ፣ እንግዳ ነው ወይ ሙሽራ፤
ነፋስ ነጥቆ ያስረክበዋል፣ ለባሕር ወፎች ጭፍራ።)

በጎች ከተራራ ሲወርዱ፣ ፀጉራቸው ውኃ አርግዞ፣
ጀልባው ከባሕር ሲወጣ፣ ሆዱን ወደ ሰማይ ይዞ፣
ያ ሁሉ ቁጥር ተልኮ፣ ተደምሮ፣ ለሠላሳ ተካፍሎ፣
«መደበኛ» ተባለ አሉ፣ ከተማ ወንበር ላይ ውሎ።

እንግዲህ መደበኛ ማለት፣ የኔ ጧቶች ማለት ነው፦
አይሊቭ ወገቡን ታሞ፣ በመስኮት «ስንት ሆነ?» ያለው፣
ጅረቱ ሞልቶ ድልድዩን፣ እንደ ቁራሽ ዳቦ የዋጠው፣
መርከቧ ሦስት ቀን ቀርታ፣ ድንች በጨው የበላነው፣
ሁሉም እዚያች ቃል ውስጥ አለ፤ ስሙ ጠፍቶ፣ ውኃው ደርቆ።
አንድ ብቻ ይጎድላል።
አንድ ብቻ፤ በእኔ ታውቆ።

ልናዘዝ።
ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ጥቅምት በገባ ቅዳሜ፣
ራግንሂል ልጄ ስትዳር፣ ሳልተኛ አነጋሁ ቆሜ።
ባልዲው ሲያነሱት ከብዷል፤ ሲያወርድ ነው ያደረው፤
ሁለት ጊዜ ሰፈርኩት፤ ሠላሳ ስምንት ነው ያው።
እርሳሴን አነሣሁና፣ በመስኮት ባያት ልጄን፣
ነጭ ለብሳ ሰማይ ስታይ፣ ምን እንደነካው አላውቅ እጄን፤
ዜሮ ጻፍኩ።
ክብ፣ ንጹሕ፣ ደረቅ ዜሮ። እንደ ቀለበት ያለ ዜሮ።
በመንግሥት መዝገብ ያቺ ቀን፣ ፀሐይ ናት እስከ ዘንድሮ።
እውነቱን ቀሚሷ ያውቃል፤ እስከ ጉልበቷ በስብሷል፤
የሀልቫር አኮርዲዮንም፣ ውኃ ጠጥቶ፣ እንደ ላም እምቧ ብሏል።

ስሚኝ፣ ከተማ ያለሽ፣ አንቺ ትንበያ ሠሪ፤
ያ ውሸት ለሠላሳ ቢካፈል፣ አንድ ሚሊና ፍርፋሪ።
ያችን ታህል ዘንድሮ፣ ዝናቡ ቢበልጥብሽ፣
ሰማዩን አትክሰሺው፤ የኔ ዕዳ ነው፣ አይግረምሽ።

ለማንኛውም ተዘጋጀሁ፤ ፍልጡን ከጓሮ አስገባሁ፣
የጣሪያውን ልቅ ሰሌዳ፣ በሦስት ምስማር መታሁ።
ያን የሳቀውን ሀልቫርን፣ ማታ በጨረቃ አየሁት፣
ጀልባውን በድርብ ገመድ፣ ከቀለበቱ ሲያስራት።

ዛሬ ራግንሂል ደወለች፣ ከዚያ ከደረቅ ከተማ፤
«እማዬ፣ ዝናቡ እንዴት ነው?» ትላለች፣ ድምፄን ልትሰማ።
ስልኩን ወደ ባልዲው አፍ፣ አስጠግቼ ዝም አልኩ።
ጠብ።
ጠብ ጠብ።
ከዚያ ብርጭቆዬን አነሣሁ፤
ዐሥራ አንድ ከነጥብ አራት።
አንዲት ሳልቀንስ፣ እንዳለ ጻፍኩ።