ሃምሳ ፍሬ

የስቅለት ለት ማታ፣ በወይራ ጠብጥበው
"አርባ አንድ" አሉኝ ቄሱ፣ ኃጢአቴን መዝነው።
አርባ አንዱን ፈጽሜ፣ ጫማዬን አጥልቄ፣
አርባ ሁለተኛዋን ሰገድኩ፣ ደጅ ላይ ወድቄ።
የኤድመንተን ሚያዝያ፣ ቀን ቀልጦ ማታ የሚረጋ፣
መኪና ማቆሚያው ላይ አድብቶ፣ ቀኝ እጄን ከአንጓው ወጋ።

ቅዳም ሹር ከፈቱት፣ ብረት አስገብተው
በሰባት ብሎን አሰሩት፣ እንደ በር መትተው።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተር ፔትሪሺን፣
ድምፁ ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ ያለ፣
ብርድ ልብሴን አስተካክሎ እንዲህ አለ፦
"ቫይታሚን ሲ ውሰጂ፣ በቀን አንዲት ፍሬ፣
ሃምሳ ቀን ሳታቋርጪ፣ ጀምሪ ከዛሬ።
ቁስሉ ድኖ ሲያበቃ የሚቀር ሕመም አለ፤
ይህ ይከላከለዋል ያለ ሐኪም አለ፣
የለም ያለም አለ፤ ጥናቱ ሁለት ልብ ነው።
ማዘዙ የኔ ነው፣ መዋጡ ያንቺ ነው።"

ሃምሳ ቀን! ማደንዘዣው ሳይለቀኝ ሳቅሁ።
በዓለ ሃምሳ አይደል እንዴ፣ ፆም የለ፣ ስግደት የለ፤
ቀኖናውም ሐኪሙም በአንድ አፍ ተናግረው
"አትስገጂ" አሉኝ፣ ሳይተዋወቁ ተባብረው።

እኔ እንጀራዬ መርፌ ነው።
ከልብስ ንጽሕና ቤቱ ጀርባ፣ መስኮት በሌላት ክፍል
የሙሽራ ቀሚስ አጠባለሁ፣ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ።
ፍርሃቴ ግን ስም አለው። አስካለ ይባላል።

አሥራ አንድ ዓመት ሆናት፣ ግራ እጇን ሰብራ፣
ጠግነው ሸኟት፣ "ጨርሰሻል" ብለው በደስታ በኩራ።
ራጁ "ድኗል" ይላል፤ አጥንቱም ገጥሟል፤
እጇ ግን አልሰማም፣ ዛሬም ይነድዳል።
የአንሶላ ጫፍ ሲነካት እሳት ነው ትላለች፤
ነፋስ ሲያልፍበት ጥርሷን ትነክሳለች።
ቀሚሷን ስሰፋ ግራ እጅጌውን በእጥፍ አሰፋለሁ፣
ገበሩን ሐር አደርጋለሁ፣
ስፌቱን ወደ ውጭ እገለብጣለሁ።
ሜትሬ አይነካትም፤ በዓይኔ ነው የምለካት።

ስለዚህ ዋጥኩ።
የመጀመሪያዋን በፋሲካ ጠዋት፣ ከዶሮው በፊት።
አሥራ ሁለተኛዋን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
አንጓዬ ሲጠዘጥዘኝ፣ እንደ ስእለት።
ሃያ ሦስተኛዋ ከአልጋው ሥር ተንከባለለች፤
ተንበርክኬ በአንድ እጄ ዳብሼ አገኘኋት፣
ስግደት እንዳይባልብኝ እየተሳቀቅሁ።
በሠላሳ አንደኛዋ ጀሶው ወለቀ፤
ከሥሩ የወጣው እጅ የከሳ፣ የነጣ፣
ከሰው የተዋስኩት ይመስል ነበር።
ጣት በጣት ሞከርኩት። ቀዝቃዛ ውኃ። የፎጣ ጫፍ።
ሱፍ። አልነደደም።

ሃምሳኛዋ ለት፣ ጰራቅሊጦስ፣ አስካለ መጣች።
ባዶውን ጠርሙስ ከመስኮቱ ደፍ አነሣች፣
ብርቱካን ተስሎበታል፤
አገላብጣ አየችው።
"ይህን ነው የሰጡሽ?"
"አዎ።"
"ለእኔ ማንም አልነገረኝ።"

ላይጠቅማት ይችል ነበር።
ይህ ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።
ቢጠቅማትስ ኖሮ?
ሁለት ልብ ያለው ጥናት በሁለት ሴቶች መሃል ሲቀመጥ
ለየትኛዋ የትኛው ልብ እንደሚደርሳት ማን ያካፍላል?

"አምጪው" አለች።
በደኅናው እጇ አንጓዬን ይዛ ጠባሳዬን ተጫነች፤
"እዚህ ጋስ?"
"አያመኝም።"
"እዚህስ?"
"ትንሽ።"
"ትንሽማ ደግ ነው" አለች፣ "ትንሽ ያልፋል።"

ፍሬዋ ትሁን፣ ብሎኑ፣ ወይስ ያቺ አርባ ሁለተኛዋ፣
ያዳነኝን አላውቅም፤ አንዱንም አላስቀይምም።
ጠርሙሱ አሁን የአዝራር ማስቀመጫ ነው፤
ብርቱካኑ ግማሹ ተፍቋል።
ትናንት የአስካለን የበጋ ቀሚስ ቆረጥኩ፣
በገዛ እጄ፣ ሳይጠዘጥዘኝ፤
ግራ እጅጌውን፣ እንደ ልማዴ፣
በዓይኔ ለክቼ።