የብየዳው ዋጋ

ካጂፕ ዝቅ ብሎ፣ ከጎሚስታው በላይ፣
ቆማለች አሮጊት፣ አፍንጫዋን ሰጥታ ለፀሐይ።
ስድስት መቶ ሰማንያ ሁለት ፊያት፣ ድሮ ባለ ተሳቢ፣
አሁን ተሳቢው ተሸጦ የቀረች ያለ አጃቢ።

ደላላው ፈቱ ነው ጋራዤ የመጣ፦
«ኸሊል፣ መነጽርህን ያዝና ቶሎ ውጣ።
ከጠዋት ጀምሮ ሻጭ ገዢን ያንቃል፣ ገዢ ሻጭን ያንቃል፣
አንተ ከቆረጥህ ለሁለቱም ይበቃል።»

እኔ መኪና ስገምት በዓይኔ አልጀምርም፤
ስቱኮ የበላው ጉድ ለዓይን አይናገርም።
መጀመሪያ መዳፌን ሞተሩ ላይ አሳርፋለሁ፣
ሻጭ ቀድሞ ካሞቃት «ትቀዝቅዝ» ብዬ ቁጭ እላለሁ፤
ሙቅ ሞተር ማንም ያስነሣል፣ ሙቅ ሞተር ሸንጋይ ነው፣
በጅማ የጠዋት ጉም ነው ጠባይዋ የሚለየው።
ከዚያ ጭሱን አያለሁ፦ ነጭ ሲሆን ቴስታታ፣
ሰማያዊ ሲሆን ፋሻ፤ ጥቁር ግን ፖምፓ ነው፣ የአንድ ማታ።

ባሌስትራዋን ቆጠርሁ፤ አንዷ ቅጠል የሌላ መኪና፣
መሪዋ ሩብ ዙር በከንቱ ይዞራል፣ ፍሬኗ ግን ጤና።
ሊብሬውን ገለጥሁ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ስም ብቻ፦
ባህሩ ወልዴ። ድልዝ የለ፣ ዝውውር የለ፣ እንደ ደህና ጋብቻ።

ባህሩ ዓምና ሞተ።

ሚስቱ እትዬ ወለላ ዋጋ ስትጠራ ብረት አልቆጠረች፦
አራት ልጅ አስተምራለች፣ ቦሳ ላይ ቤት ሠርታለች፣
የቦንጋን ጭቃ ታውቃለች፣ የሚዛንን ዳገት፤
ሁሉን ደመረችና «አንድ ሚሊዮን» አለች በድፍረት።
ገዢው ሬድዋን፣ ያጋሮ ልጅ፣ በስልኩ ሲያባዛ፦
«ሰባት ቶን ቁርጥራጭ ነች። ከሦስት መቶ ሺህ በላይ በዛ።»

ካርቶን አነጠፍሁና ከሆዷ ሥር ገባሁ፣
ጣቴን እያስሄድሁ ሻንሲውን አነበብሁ።
ከካምቢዮው ኋላ፣ አራት ጣት የሚሞላ
ብየዳ አለ፣ በችኮላ የተሰፋ የጆንያ አፍ ይመስላል።
ማን እንደበየደው አልጠየቅሁም፤ እጅ የራሱን ሥራ ያውቃል።

ጊቤ በረሃ ነበር፣ ዝናብ ነበር፣ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈው።
ሙሉ ቡና ጭኖ ሻንሲዋ ቢሰነጠቅ፣ ሰው ልኮ ያስጠራኝ እሱ ነው።
ሸራ ወጥረን፣ ጄኔሬተር አስነሥተን፣ ሌሊቱን ስበይድ፣
«ወሬው ጅማ ከደረሰ» አለ «ጭነት የሚሰጠኝ የለም በዚህ መንገድ።
ባክህ፣ ኸሊል፣ ባፍህ ቅበረው።»
እኔ ወሬውን ቀበርሁ፤ ዓምና ሰው እሱን ቀበረው።

ዝም ብል ሁለት መቶ ሺህ ለሟች ሚስት ይተርፋል፣
ብናገር ለሙት የሰጠሁት ቃል ይታጠፋል።
ደግሞ ይሄ ልጅ፣ ነገ ዳገት ላይ፣ ረዳቱ ከኋላ ተንጠልጥሎ...
«ተኛህ እንዴ?» አለኝ ፈቱ፣ በጎማዎቹ መሀል ብቅ ብሎ።

ወጣሁ። አቧራዬን አራገፍሁ። ተናገርሁ።
ሬድዋን ሳቀ። «ይኸው! ሻንሲ የተበየደ! እኔ ምን አልሁ?»

እትዬ ወለላ ዣንጥላዋን አጠፈች፣ ቀስ ብላ።
«ከተበየደ ስንት ዓመቱ?»
«ሃያ ስድስት።»
«ከዚያ ወዲህስ ተሰንጥቋል?»
«የለም።»
«ዝገትስ?»
«በሌላው በኩል አለ። እሱን ግን አልደፈረም።»
«እንግዲያ ልጄ» አለችው ሬድዋንን፣ «ስንጥቁን ስትቀንስ ብየዳውንም ደምር፤
ሂሳብም እንደ መኪና ነው፣ ባንድ ጎማ አይዞር።»

አምስት መቶ አርባ ሺህ ብዬ ቆረጥሁ።
እሷ ከንፈሯን መጠጠች። እሱ ፊቱን አዞረ።
ሁለቱም እኩል ካኮረፉ ዋጋው ልኩን አግኝቷል ማለት ነው፤
አንዱ እየሳቀ ከሄደ፣ የተበላ አለ፤ እሱን ፈልገው።

ቁልፉን ሳትሰጥ የመሪውን ልብስ ፈታ ወሰደች፣
የገማች ድርሻዬን ቆጥራ፣ ሦስት መቶ ብር ጨመረች።
«ይሄስ?» አልኋት።
«የኤሌክትሮዱ ነው» አለች።
«ያኔ ባህሩ ሳይከፍልህ ቀርቷል።»