አባ ቆርኪ

በድሮው በጅማ፣ ባላባት ሲከበር፣
በፈረሱ ነበር ስሙ የሚነገር።
እኔ ፈረስ የለኝ፣ በቅሎም አልነበረኝ፣
የመንቲና ልጆች «አባ ቆርኪ» አሉኝ።

ዕቃዬ ይኸውና፦ ያረጀ ራዲዮ፣ የሆዱ ሽቦ
በፕላስቲክ ሳህን ዙሪያ ተጠምጥሞ፣ ተከቦ፣
ከታች ሳህኑ፣ ከላይ የመጥረጊያ እንጨቴ፤
የገጣጠምኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ።
አሁን ስድሳ ስምንት። ሽቦው ሦስቴ፣ እንጨቱ አምስቴ ተቀየረ፣
ጆሮዬ ግን ያው ነው፤ ግራው ብቻ ትንሽ ዳተኛ ሆኖ ቀረ።

ብረት ቋንቋ አለው። ሚስማር ይነጫነጫል፣
እንደ ክፉ ጎረቤት በየቀኑ ያንኑ ክስ ያመጣል።
ቆርኪ ደግሞ ዋሾ ነው፤ ከሥር ሆኖ «ብር ነኝ፣ ብር» ይላል፤
ጉልበቴን አጥፌ፣ ጭቃ ገልጬ ሳየው፣
የቢራ ክዳን ነው።
አልጥለውም። ባጃጅ ተራ ዳማ ሲጫወቱ
ከኔ ኪስ ነው የወጣው፣ ንጉሡም ሠራዊቱ።

ጠገራ ብር ግን እንደ አዛውንት፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«አለሁ» ይላል አንዴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
በአርባ ስድስት ዓመት ሁለቴ ነው የሰማሁት፤
አንዱን ለልጄ ትምህርት ሸጥኩት፣
ሌላው አለ፤ የት እንዳለ ግን አልናገርም።

ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ተበትኖ ሲያድር፣
ዓርብ ከጁምዓ በፊት እወጣለሁ፣ ዝናብ ባራሰው ምድር።
የረጠበ አፈር ሐሜተኛ ነው፣ የዋጠውን አይሰውር።
የጥልያን ኮት ቁልፍ፣ በሩ የፈረሰ መክፈቻ፣
ጥንዷን ያጣች አንዲት የጆሮ ጉትቻ፤
ከጅሬን ቁልቁለት፣ ከጎርፍ መውረጃው ግድም፣
የእርካብ ስባሪ አገኘሁ፣ ፈረሱ ግን የለም።
ለልጆቹ አሳየኋቸው፦
«ይኸው ፈረሴ፤ ገና በከፊል ነው የመጣው።»

ዘይነባ ትስቃለች፦ «አበጥረህ አበጥረህ መሬቱን ጨረስከው፣
ወርቁ ይቅርና ቅማል እንኳ የለው!»

ባለፈው ጥቅምት እታለማሁ መጣች፤
«አዌቱ ዳር ልብስ ሳጥብ ቀለበቴ ጠፋች፣
የሟቹ የሙላቱ፣ ያቺ ወርቄ» አለች።
ሙላቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣
«ከአስመራ ገዛሁላት» እያለ ለሠፈር የሚናገር።

ሁለት ቀን ጭቃ ላይ ተንበረከክሁ።
በሦስተኛው፣ ከማጠቢያው ድንጋይ ሥር፣ ድምፁን ሰማሁ፦
ነሐስ።
ወርቅ እንደዚያ አይጮኽም። ጆሮዬን ወቀስሁ፣
ደግሜ አዳመጥሁ፤
ነሐስ።

በሱሪዬ ጠርጌ «ይኸው ወርቅሽ» ብዬ ሰጠኋት።
ስታጠልቀው፣ ጣቷ ላይ አረንጓዴ ክብ አየሁባት፣
የሠላሳ ዓመት ዝገት፣ ሳሙና ያላስለቀቃት።
እሷም ማየቴን አየች።
«እግዜር ይስጥህ» አለችኝ፣
ክቡን በቀለበቱ ሸፍና ሄደች።

ማታ ጭቃዬን ሳራግፍ፣ ዘይነባ በር ላይ ቆማ፣
«ዛሬስ?» አለችኝ፣ እንደ ልማዷ፣ መልሱን ሳትሰማ።
«ዛሬ ወርቅ አገኘሁ።»
«የታለ?»
«ለባለቤቱ መለስኩት።»
ብዙ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ነገ ዓርብ ነው።
ባትሪ ልግዛ፤ ሰማዩ እያጉረመረመ ነው።