ደረቅ ዝናብ

ሌሊቱን በሙሉ ዝገት ስጠብቅ አድሬ፣
የማይሄድ ፉርጎ ቆጥሬ ቆጥሬ፣
እግሬን እየጎተትኩ ገባሁ ወደ ሰፈሬ።
ሰኔ ነው። ገንደ ቆሬ
ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ቆርቆሮው ይንጣጣል፣
ጥላ ራሱ ጥላ ሽቶ ግድግዳ ሥር ይለጠፋል።

ሂንዲያ በሩ ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ፣
«ገና ነው!» አለችኝ መግቢያውን ዘግታ።
ጉንጯ ላይ ሙጫ፣ አውራ ጣቷ ላይ ፕላስተር፤
ከኋላዋ ሮብሌ፣ በጥርሱ የያዘው ምስማር፤
ያፌት ከጣሪያው ጠርዝ እንደ ጦጣ ተንጠልጥሎ
«ዓይን ይጨፈን፣ አቦ!» ይለኛል አዛዥ መስሎ።

እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን ትዕግሥት አለው?
ልቆጣ ነበር፤ ቁጣዬም እንደኔ ደከመው።
ጨፈንኩ።

እጄን ይዘው ሲያስገቡኝ ግንባሬን አንድ ነገር
ነካ አድርጎ አለፈ፤ ሌላው ጆሮዬ ሥር
ቀጭ፣ ቀጭ አለ።
ዓይኔን ስገልጥ
ግቢያችን ውስጥ ዝናብ ቆሟል።

አባርቶ አይደለም። በቁሙ ቆሟል።
ከቆርቆሮው እስከ ኒሙ ገመድ ተወጥሯል፣
ከየገመዱ ሲባጎ ወርዶ፣ ወርዶ፣
መሬት ሳይነካ ቀርቷል፣ ከጉልበቴ ላይ ታግዶ።
በየሲባጎው ላይ ጠብታ አለ፦
በድንጋይ የተጠፈጠፈ የለስላሳ ቆርኪ፣
እንደ አበባ የተሸረከተ የሃይላንድ ቂጥ፣
የአያ ጡሃ የስኳር ኪኒን የብር ልጣጭ፣
ማንም የማይሰማው የተሰበረ ሲዲ፣
ፀሐይን ሰባት ቦታ የሚከፍል።

«ሦስት ሳምንት ለቀምን» አለ ሮብሌ፣
ምስማሩን ከአፉ አውጥቶ።
«ቀን ስትተኛ እንዲቀዘቅዝህ ነው። ዝናብ ነው። ስጦታ።»
«የተገዛው ሲባጎው ብቻ ነው» አለች ሂንዲያ፣
«እሱም በዱቤ።
በአንተ ስም።»

አያውቁም እነሱ።
አልተወለዱም፣ ደቻቱ ያን ነሐሴ
ከጋራ የጠጣውን እኛ ላይ ሲተፋ።
ዚያድን ይዤው ነበር። በእጄ ይዤው ነበር።
የሸሚዙ እጅጌ እጄ ላይ ቀረ።
ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮ ላይ ጠብታ ሲያርፍ እነሳለሁ፤
በጨለማ ጫማ ፈልጌ፣ በር ከፍቼ እቆማለሁ።
የሌሊት ፈረቃ የለመነው ለአበል ነው ይሉኛል።
ይበሉ።

እና አሁን በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ ልጄ እጅ
ዝናብ ተሰጠኝ በደጅ።

ንፋስ መጣ ከኮረብታው፤ ቆርኪ ከቆርኪ ተጋጨ፣
የኪኒኑ ልጣጭ ሁሉ ባንድ አፍ ተንጫጫ፤
ጉልበቴ ከዳኝ። ፊቴም ሳይነግረኝ ተለዋውጦ ኖሯል።
«አልወደድከውም?»

መልስ ፍለጋ ዓይኔን ሳንከራትት
ከዳር፣ በመጨረሻው ረድፍ፣ አንዱ ክር ሲባጎ አይደለም፤
ሰማያዊ ሱፍ ነው፣ የተጠማዘዘ፣
ሹራብነቱን ገና ያልረሳ።
«ሲባጎ አለቀብን» አለች፣ ጣቷን ከኋላዋ ደብቃ።
«አክስቴ ከአዲስ አበባ የላከችው...
አንድ እጅጌውን ብቻ ነው የተረተርነው።
ድሬ ላይ ሹራብ ምን ያደርጋል?»

ምን ያደርጋል።
ሰሌን አነጠፍኩ ከሥሩ፣ ጫማዬን አውልቄ ተጋደምኩ፣
የብርሃን ፍንጣሪ ክንዴ ላይ፣ ሆዴ ላይ ሲሮጥ እያየሁ።
ሦስቱም እላዬ ላይ ቆመው ትንፋሼን ይቆጥራሉ።
«ቀዘቀዘህ?»
«እየቀዘቀዘኝ ነው።»
አንድም ጠብታ አላረጠበኝም።
መቼ እንደተኛሁ አላውቅም።

በአስር አዛን ስነቃ
መፍቱሃ ዝናቡ ላይ ልብስ አስጥታለች፤
በቆርኪና በሲዲ መሃል ሱሪ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ።
«ገመድ ከተወጠረ ወዲያ ምን ይጠበቃል!» ትላለች፣
ሂንዲያ እያለቀሰች የሚንጠባጠበውን ካልሲ ስታወርድ።
የዘበኛ ሸሚዜ ከሰማያዊው ክር አጠገብ ተሰቅሎ
እጅጌው ወደኔ ይወዛወዛል።
ተነስቼ ያዝኩት።
ዝናብ ውስጥ ውሎ
ደርቋል።